በደረቅ ወለል ላይ የቆመው ቢጫ ሰሌዳ

ስምንት በር፣ አንድ ደረጃ። ይህን ጣቢያ የነደፈውን መሐንዲስ አንድ ቀን ባገኘው የምለው ብዙ አለኝ። ሰዉ ካርዱን እያስነካ በስምንቱ የትኬት በሮች ዘው ዘው ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ባቡሩ የሚወርደው በአንዲት ደረጃ ነው። ከባቡር የወረደውም የሚወጣው በእሷው። ጧት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ጠጠር ብትጥል መሬት አይወርድም። እኔ የምጠብቀው ዳር ያለውን ሰፊውን በር ነው፤ ሻንጣ ለያዘ፣ ልጅ ላዘለ፣ በምርኩዝ ለሚመጣ። አሥራ አራት ዓመት ቆሜበታለሁ፤ እግሬ ዝሏል፣ ምላሴ ግን ደህና ነው።

እትዬ ቢጫ የጽዳት ሠራተኛችን ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔው ነኝ። አንድ ጧት አንዱ ሻዩን ደረጃው አፍ ላይ ደፍቶ እብስ አለ። እሷ ወለወለችና «ወለሉ እርጥብ ነው» የሚለውን ቢጫ ሰሌዳ መሀል ላይ አቆመች። ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰዉ መንሸራተቱን ፈርቶ ለሁለት ተከፈለ፤ ወራጁ በቀኝ፣ ወጪው በግራ። ግፊያ የለ፣ ስድብ የለ። እኔ ልብ አላልኩም፤ እሷ ግን ልብ ብላለች። ከዚያ ወዲህ ወለሉ ደርቆ ክው ቢልም ሰሌዳዋ በየጧቱ እዚያችው ቦታ ትቆማለች። በፊት በየወሩ ሁለት ሦስት ሰው ከደረጃው ሥር እናነሳ ነበር። ከሰሌዳዋ በኋላ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ሰው አልወደቀብንም።

አዲሱ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እትዬ ቢጫ ዘጠኝ ዓመት በኮንትራት ሠርታ ቋሚ ልትሆን የቀራት የእሱ ፊርማ ብቻ ነበር። ቋሚ ከሆነች መሥሪያ ቤቱ የባሏን ዓይን ያሳክማል። ሰውየው ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሚስቱን እንኳ የሚለያት በኮቴዋ ነው። «ብቻ ይፈርምልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» ትለኝ ነበር።

ተቆጣጣሪውን አቶ ደንብ ነው የምንለው። ጤና ይስጥልኝ ስትለው እንኳ ደንቡ ምን እንደሚል የሚያስብ ይመስላል። መጣና ጎንበስ ብሎ ወለሉን በጣቱ ነካ።

«ይሄ ደረቅ ነው» አላት።

«አዎ፣ ደረቅ ነው» አለች። መዋሸት አታውቅበትም!

«ታዲያ ሰሌዳው ምን ይሠራል?»

«ሰዉ እንዳይጋፋ ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሐሰተኛ ምልክት ማቆም ጥፋት ነው። ከግል ማኅደርዎ ጋር ይያያዛል።» ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ ወደ ቢሮው ሄደ።

እትዬ ቢጫ መወልወያዋን ተደግፋ ቀረች። «አለቀልኝ፣ ወንድሜ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። እኔ ደግሞ ከፈላ ማብረድ አላውቅበትም፤ ቢሮው ድረስ ተከትዬ «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነው፣ ጌታዬ። ነገ በአንድ ሰዓት ከሩብ ደረጃው አፍ ላይ ይቁሙና በዓይንዎ ይዩት» አልኩት። ይቆጣል ስል «እቆማለሁ» አለ።

በማግስቱ ቆመ። ሰሌዳ የለም። ሁለት ባቡር ተከታትሎ ገባ፤ ወጪና ወራጅ ደረጃው አፍ ላይ ግንባር ለግንባር ገጠመ። ስምንቱ በር ደግሞ ምን ቸገረው፣ ከኋላ ሰው ይጨምራል። አንዲት ነፍሰ ጡር ከብረት መደገፊያው ጋር ተጣብቃ «ኧረ በፈጠራችሁ!» እያለች ትጮኻለች። አቶ ደንብ መሀል ተይዞ አንድ ጫማው ወልቋል። እኔ ከበሬ ሆኜ ብጮኽ ማን ይሰማኛል!

ያን ጊዜ እትዬ ቢጫ ባልዲዋን አንጠልጥላ፣ መወልወያዋን ከፊት አስቀድማ ገባችበት። በአጠገቤ ስታልፍ «ብባረርም ልባረር!» ስትል ሰማኋት፣ ለራሷ ነው የምትለው። ባልዲውን መሀል ላይ ዘጭ አድርጋ «ውሃ ነው! ይንሸራተታል! ቀኛችሁን ያዙ!» ብላ ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ሰዉ ውሃ ሲባል ልብሱን ሰብስቦ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን... ደረጃው ተነፈሰ። ነፍሰ ጡሯን እጇን ይዤ በሰፊው በር አወጣኋት፤ ምንም አልሆነችም። እፎይ!

ረፋዱ ላይ አቶ ደንብ እሷን አስጠራት። እኔም ሳልጠራ ሄድኩ። ማኅደሯ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ሰውየው የደንብ መጽሐፉን ይገልጣል፣ ያገላብጣል።

«ደንቡ ግልጽ ነው» አለ በመጨረሻ። «እርጥብ ባልሆነ ወለል ላይ ይህን ምልክት ማቆም ክልክል ነው።»

እትዬ ቢጫ አንገቷን ደፋች።

«ስለዚህ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ከነገ ጀምሮ በየጧቱ ከሰሌዳው ሥር አንድ ብርጭቆ ውሃ ያፈሳሉ።» ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳና ማኅደሯ ላይ ፈረመ። እሷ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። እኔም እንባዬ መጣ፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ስንወጣ ሰሌዳዋን ራሱ አንስቶ አቀበላት።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰው በሰፊው በር መጡ። ማንም አልመራቸውም። እትዬ ቢጫ ራቅ ብላ ትወለውላለች፤ ኮቴዋ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አይሰማም። እሳቸው ግን ሰሌዳው ጋ ቆም አሉ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ወለሉ ጎንበስ አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«አንቺ!» ብለው ወደ እሷ ተጣሩ፣ «በቃ ይቺ ናት ውሃሽ?»