በአንድ ዓይን የተሣለው ደራሲ

ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት አባቴ አዳማ ባቡር ጣቢያ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ፈረንሳዊው አለቃው የልጆቹን የሥዕል መጽሐፍ ሰጠውና ይዞልኝ መጣ። የአንድ ታላቅ ደራሲ የሕይወት ታሪክ ነው ብሎታል። የፈረንጅ ፊደል የሚያውቅ ቤታችን ስላልነበረ ሥዕሉን ብቻ አየን። ደራሲው ልጅ ሆኖም፣ ሸምግሎም፣ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ በጎን ተሥሏል።

እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው።

«ይሄ ክፉ ሰው ነው፤ ከቤቴ ይውጣልኝ» ብላ መጽሐፉን ከእጄ ነጠቀችኝ።

ለቅሶዬን ሰምተው ጎረቤታችን ገቡ። ከወሎ የመጡ ሙስሊም ናቸው፤ ልብስ ይሰፋሉ። መጽሐፉን አገላብጠው አዩና ሳቁ።

«ሰውየው ሥራ ላይ ነው እኮ። እኔስ ስሰፋ መች ቀና ብዬ አይሻለሁ?»

እናቴ መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀብላ መለሰችልኝ።

ዛሬ የምጽፈው መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ነው። በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ አንድ ዓይኔን ብቻ ያያል። ሁለቱንም የፈለገ እስክጨርስ ይጠብቅ።