በሽማግሌው ፖስታ ሣጥን የመጣልኝ ደብዳቤ

በተሰደድኩበት አገር፣ ላቪንግተን በሚባል የሀብታሞች ሰፈር፣ በአንድ የቀድሞ የፓርላማ አባል ቤት አስታማሚ ነበርኩ። እንደ አገሬው "ምዜ"፣ አባባ እንደማለት፣ እላቸዋለሁ። መቁጠሪያቸውን ሳይዙ የማይተኙ ካቶሊክ ናቸው። ሌባም ናቸው፤ ይህን ማታቱ፣ ማለትም የከተማውን ሚኒባስ፣ የተሳፈረ ሁሉ ያውቃል።

ጉበታቸው እምቢ ሲል ቄስ አስጠሩ። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ የኑዛዜ ሥርዓት ከየት አውቄ! ቄሱ ዘይታቸውን ሲያወጡ፣ እኛ ዘንድ እንደሚደረገው፣ እጄን እግራቸው ላይ ጭኜ ጮክ ብዬ መጸለይ ጀመርኩ። ቄሱ ክው አሉ። "ልጄ፣ እስኪናዘዙ ውጪ ቆዪ" አሉኝ። በሀፍረት ልወጣ ስል ምዜ እጄን ያዙኝ።

"ትቆይ።"

የትምህርት ቤት መሬት መሸጣቸውን፣ ድምፅ መግዛታቸውን፣ በስዋሂሊ ልክ ሪፖርት እንደሚያነብ ሰው ዘረዘሩት። መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ።

"የዚህችን ልጅ ደብዳቤ ደብቄያለሁ።"

የራሴ ፖስታ ሣጥን ስለሌለኝ ለስደተኛ ጉዳዬ የእሳቸውን ቁጥር ነበር የሞላሁት፤ ራሳቸው ናቸው የፈቀዱልኝ። ካናዳ ሆኖ እኔን ለማስመጣት ያመለከተው ባሌ "ኤምባሲው ለቃለ መጠይቅ ጠርቶሻል" ይላል፣ እኔ "ምንም አልደረሰኝም" እላለሁ። ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ መምጣት አልፈለገችም ብሎ ሌላ አገባ። ለካ ደብዳቤው ደርሷል! እኔ ጓዳ ገብቼ በስልክ ሳለቅስ ለካ እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል!

"ለምን?" ብዬ ጮህኩ።

"ከሄድሽ ማን ያስታምመኛል ብዬ።"

ኢየሱስ! ስንት ዓመት "ጌታ ሆይ፣ የድሃ መሬት የበላውን ይህን ሰው ማረው" ብዬ ስጸልይ፣ የእኔንም ትዳር በልቶታል! የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

"ይቅር በይኝና ልሂድ" አሉ። እሁድ እሁድ ሴቶች ሰብስቤ ስለ ይቅርታ የማስተምረው እኔ ነኝ። አፌ ግን እምቢ አለኝ።

"ዛሬ አልችልም። ነገ ይጠይቁኝ።"

ቄሱ ፈቷቸው፣ ዘይቱንም ቀቧቸው። እሳቸው ግን አልተረጋጉም። አመሻሹ ላይ ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ ጠሩኝ።

"ነገ በስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?"

"እንደ ሁልጊዜው፣ አንድ ሰዓት" አልኳቸው፣ ፊታቸውን ሳላይ።

ጠዋት ስደርስ ፊታቸው በአንሶላ ተሸፍኗል። የሌሊቷ ነርስ ጓንቷን እያወለቀች፣ "ስንት ሰዓት ሆነ፣ ስንት ሰዓት ሆነ ሲሉ አደሩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አረፉ" አለችኝ።

እኔ ማታቱ ውስጥ "ይቅር ብዬዎታለሁ" የሚለውን በስዋሂሊ ስለማመድ ነበር የመጣሁት። ገና ከአፌ አልወጣልኝም ነበር፤ ግን እየተለማመድኩ ነበር።