ቫይብራፎን የሚመቱት ሰው

አብዮት ጠባቂዎቹ የመጡት የተከለከለ ወረቀት ፍለጋ ነበር። ቤቴን በርብረው ሲያጡ ካሴቶቼንና እኔን ይዘው ወጡ። ጂንካ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ስለነበር ግድግዳው በቆሎ በቆሎ ይሸታል። አንድ ሸበቶ እስረኛ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። በምን እንደታሰርኩ ሲጠይቁኝ ካሴቶቼ ላይ የሙዚቃ መሣሪያውን ስም «ቫይብራፎን» ብዬ በመጻፌ መሆኑን ነገርኳቸው። ሳቃቸው መጣ። ለካ እሳቸው አዲስ አበባ፣ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ቫይብራፎን ሲመቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ወደተቀመጠው የመርማሪ ጠረጴዛ ስጠራ እኔ ላስረዳለት ብለው አብረውኝ ወጡ።

«በዚህ ፎን የምትደውለው ለማን ነው?» አለኝ መርማሪው።

«አይደወልበትም ጓድ፤ ይመታል እንጂ» አሉ ሽማግሌው።

«ማንን?»

ልስቅ ስል፣ ካላስረዳችሁ አርባ ምንጭ ትላካላችሁ አለን። ወደዚያ ተልኮ የተመለሰ አይተን አናውቅም።

ሽማግሌው ማገዶ እንዲሰጣቸው ለመኑ። ግቢው ውስጥ ከወደቀ ሙዝ ሁለት ግንድ ጎትቼ ጎን ለጎን አጋደምኩ። ከአልዱባ የመጣ ገበሬ እስረኛ ፍልጡን እየመረጠ ሲያቀብላቸው፣ እሳቸው እያንኳኩ ያዳምጣሉ። በቤተ ክርስቲያን ዘማሪ የነበረ ሌላ እስረኛ ድምፁን እያዜመ አብሯቸው ያስተካክላል። ፍልጡ በሙዙ ግንዶች ላይ ከረጅም ወደ አጭር ተደረደረ።

«ብረት ሲሆን ቫይብራፎን፣ እንጨት ሲሆን ማሪምባ ነው» አሉና በሁለት ቀጫጭን በትር መምታት ጀመሩ።

ያ ደረቅ ማገዶ ለሰለሰ። እስረኛው ሁሉ ወደ በር ወጣ። የመርማሪው እግር ከጠረጴዛው ሥር ምቱን ሲከተል አየሁት። ወዲያው ይብቃ፣ እንጨቱም ወደ ወጥ ቤት ይመለስ አለ።

ሽማግሌው በትሮቹን አላስቀመጡም።

«አንድ ነገር ቀርቷል ጓድ። ባንዱን አላስተዋወቅሁም።»

ቀጥ ብለው ቆሙና ገበሬውን፣ ዘማሪውንና እኔን «አቶ» እያሉ ከነአባታችን ስም ጠሩን። በዚያ ግቢ ሁላችንም «አንተ» ነበርን። እስረኛው አጨበጨበ። በመጨረሻ የራሳቸውን ስም ተናግረው እጅ ነሱ።

አርባ ምንጭ ዳግም አልተነሳም። እሳቸው ቀድመው ተፈቱ፤ ከወራት በኋላ እኔም ወጣሁ።

ዛሬ ልጄ ከስልኳ ሙዚቃ ታሰማኛለች። ቫይብራፎን የሰማሁ እንደሆነ የሚመታው ማን እንደሆነ እጠይቃታለሁ። የዘፋኙን ስም ትነግረኛለች።

«እሱንማ አውቀዋለሁ» እላታለሁ፤ «እስቲ የሚመታውን ፈልጊልኝ።»