እርሳስና ያልተዘጉት ሥራዎች

የእህቴ ልጅ ናት፤ ስለዚህ ባሞግሳት አይፈረድብኝም። ስሟ ሌላ ነው፣ እኛ ግን እርሳስ እንላታለን። ከልጅነቷ ቀጭን ናት፣ ደግሞም ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ ካልሣለች አይሆንላትም ነበር። የእናቷን አዲስ መጋረጃ እንኳ አልማረችውም። ያኔ የቆነጠጥነው እጅ ነው እንግዲህ ለመሥሪያ ቤታችን ፕሮግራም የሠራው።

እኔ ብዙ ሕንፃ የሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ ስልክ ተቀባይ ነኝ። ተከራይ ሁሉ የሚጮኸው በእኔ ጆሮ ነው። ቧንቧው ፈነዳ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ሊፍቱ ቆመ፣ የላይኛው ቤት ሰውዬ ዕቃ ሲጎትት ያድራል። እኔም በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ለጥገና ሠራተኞቹ እሰጣለሁ። ብጣሿ ከሱሪ ኪስ ጋር ትታጠባለች፣ ተከራዩም ተመልሶ እኔው ላይ ይጮኻል። ሥራ አስኪያጁ ይኼ ሲሰለቸው ሠራተኞቹ በስልካቸው የሚይዙት ፕሮግራም ይሠራልን አለ። ሠሪዋ ማን ሆና ብትመጣ ጥሩ ነው? እርሳስ። ተወዳድራ ነው የገባችው፤ አክስቷ አስገባቻት የሚል ካለ እፊቴ መጥቶ ይበለው።

መጀመሪያ ኮምፒውተር አልከፈተችም። አጠገቤ ወንበር ስባ ስድቡን አብራኝ ሰማች። ከሠራተኞቹ ጋር ደረጃ ወጣች፣ ወረደች። እጃቸው ሁሌ እርጥብ መሆኑን አይታ ቁልፎቹን ትልልቅ አድርጋ ሣለች። ከሁሉም በላይ ጋሼ ጠብታን ትከተላለች። ጋሼ ጠብታ የጥገናው አንጋፋ ናቸው፤ የቀሩትን ሁሉ ሙያ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። በእንግድነት በሄዱበት ቤት እንኳ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰሙ ተነስተው ካላጠበቁት ምግብ አይወርድላቸውም፤ ቅጽል ስሙም የወጣላቸው በዚሁ ነው።

ፕሮግራሙ ለሙከራ ተጀመረ። እኔ ጥሪውን አስገባለሁ፣ ሠራተኛው በስልኩ ያየዋል፣ ሠርቶ ሲጨርስ «አልቋል» የሚለውን አረንጓዴ ቁልፍ ይጫናል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ።

ሥራ አስኪያጁ የራሱን ገጽ ሲከፍት ግን ቀይ በቀይ ነው። ያልተዘጋ ሥራ፣ ያልተዘጋ ሥራ፣ እስከ ታች ድረስ። «እነዚህ ሰዎች ውለው የሚገቡት ሳይሠሩ ነው ማለት ነው» አለ። «እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲህ ከሆነ ጥገናውን ለውጭ ድርጅት እሰጣለሁ።»

ደሜ ፈላ። «ተከራዮቹ እኮ መጮኽ ትተዋል፤ ካልተሠራላቸው ማን ዝም አሰኛቸው?» አልኩት።

«ስክሪኑ የሚለው ሌላ ነው» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ስክሪንም ከነሱ ሳይቆጠር አይቀርም።

ወሬው ወዲያው ተሰማ። ትናንት «እርሳሳችን» ሲሏት የነበሩት ሠራተኞች ሰላምታዋን በግማሽ አፍ መመለስ ጀመሩ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው እኔኑ «የእህትሽ ልጅ ከሥራ ልታስወጣን ነው የመጣችው» አለኝ። እርሳስ ምሳዋን ሳትነካው አስቀምጣ፣ «አክስቴ፣ ሰዎቹ ሰነፎች አይደሉም። እኔ ያላየሁት ነገር አለ» አለችኝና በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ጠብታን ተከትላ ወጣች።

የሄዱበት ቤት ተከራይዋ ሥራ ውላ ነው የምትገባው፤ የከፈተላቸው ጥበቃው ነው። ጋሼ ጠብታ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተኝተው ቱቦውን ቀየሩ፣ ውኃውን ለቀቁ፣ ከሥሩ መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ወለሉን በጨርቅ አደረቁ፣ መሣሪያቸውን ሰበሰቡ፣ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

«ጋሼ፣ አረንጓዴውን አይጫኑትም?»

«ተከራይዋ ሳታየው?»

«ሥራው ግን አልቋል እኮ።»

«ልጄ፣ የሠራሁትን እኔው ራሴ አሳመርኩ ልበል? ነውር አይደለም? ማታ ትመጣለች፣ ከፍታ ታየዋለች። ደህና ነው ስትል ያኔ አለቀ።»

እርሳስ እዚያው ወጥ ቤቱ ውስጥ ሳቀች። ሁሉም ከእሳቸው ነው የተማሩት፤ ሁሉም የተከራዩን ቃል ይጠብቃሉ። ተከራይ ደግሞ ሲከፋው እንጂ ሲደላው አይደውልም፤ ይኼን ከእኔ ወዲያ የሚመሰክር የለም። ለምን አልነገሯትም ካላችሁ፣ ሰው መተንፈሱን ለማን ይናገራል?

ሌላ ሰው ቢሆን «ተጫኑ ብያለሁ» ብሎ ያዛቸው ነበር። የእኔዋ አረንጓዴውን ቁልፍ አጠፋችው። በምትኩ ሠራተኛው ሠርቶ ሲጨርስ «እጄን አንስቻለሁ» የሚለውን ይጫናል፤ ወዲያው ለተከራዩ «እባክዎ ይዩልን» የሚል መልእክት ይሄዳል። ሥራውን የሚዘጋው የተከራዩ መልስ ነው። ዝም ካለ ስሙ እኔ ጋ ይመጣል፣ እደውልለታለሁ። ዕድሜ ልኩን ስድብ የለመደው ጆሮዬ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነው» ሲሰማ መጀመሪያ አላመነም።

ወሩ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰብስቦ ገጹን ከፈተ። ቀዩ እዚህም እዚያም ቀርቷል እንጂ ሌላው ተዘግቷል፤ በየሥራው ግርጌ የተከራዩ ቃል አለ። አነበበ፣ አነበበ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ጥገናው እዚሁ ይቀጥላል» አለ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አቀርቅሮ በረጅሙ ተነፈሰ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እርሳስ ዞረ። «እንግዲህ ፕሮግራሙ አልቋል ማለት ነው?»

አዎ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ለዚህች ቃል ስንት ደክማለች። እሷ ግን ተነስታ ስልኳን በሁለት እጇ ለጋሼ ጠብታ አቀበለችና «እባክዎ ይዩልን» አለቻቸው።

ጋሼ ጠብታ አውራ ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ከላይ እስከ ታች፣ ቧንቧ በሚያዩበት ዓይን አዩት። አልቸኮሉም። ከዚያ ስልኩን መለሱላትና «ደህና ነው፣ ልጄ። አሁን አለቀ» አሏት።

እኔ የዚህች ልጅ አክስት ነኝ።