የኋላ ማርሽ የሌላት መኪና

ትዕዛዙ የደረሰን ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር፤ አጭር ነው። ወደ ኮረብታዋ ውሃ አውጡ፣ ስትመለሱ ቁስለኛ ጭናችሁ ውረዱ። ኮረብታዋ በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። ከሻምበላችን አንድ ጋንታ አናቷ ላይ መሽጎ ውሃውን በኮዳ ክዳን እየለካ ይጠጣል። እኔ በርሜል ውሃ የምትጭነው ባለ ሸራ መኪና ሾፌር ነበርኩ። ችግሩ መኪናዬ ያን ዕለት ጠዋት ዳገት ላይ ካምቢዮዋን አድቅቃ ቆማለች፤ ማርሽ የሚባል ነገር አይገባላትም።

እናንተ ከእኛ በኋላ የመጣችሁ ስለ ጦር ሜዳ ስትጠይቁኝ ተኩሱን እንዳወራላችሁ ትፈልጋላችሁ። እኔ አብዛኛውን ጦርነት ያሳለፍኩት መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነው። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ ካምቢዮ ነው፤ የሰለቸው ይነሳ።

ከመንገዱ ዳር ኋላዋ የተቃጠለ ሌላ መኪና ነበረች። ፋብሪካዋም ሌላ፣ የተሠራችበት አገርም ሌላ። ካምቢዮዋ ግን ደህና ነበር። መካኒካችን ሰይድ የሰንበቴ ከተማ ሰው ነው። ካምቢዮውን ሲያየው ሰንበቴ ገበያ በሬ እንደሚገዛ ሰው ሆነ፤ ዞሮ ዞሮ አየው፣ ነካ ነካ አደረገው፣ ከዚያ ነቀፈው። ያረጀ ነው፣ ከባድ ነው፣ ለእኛ አይሆንም አለ። የአገሬ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ እንደማይነቅፍ ስለማውቅ መፍቻ አቀበልኩት።

ፈትተን ስናወርደው እውነትም ከእኛዋ ጋር አልስማማ አለ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ገሚሱ ልክ መጣ፣ ገሚሱን በመሰርሰሪያ አሰፋነው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ጥርሱ ስላልገጠመ የተቃጠለችዋን መኪና ዲስክ አውጥተን አስገባን። አዲሱ ካምቢዮ ከድሮው ይረዝማል፤ ስለዚህ ኃይሉን ወደ ኋላ እግር የሚወስደው ዘንግ አንድ ስንዝር ያህል ተረፈ። ሰይድ ከመቁረጡ በፊት ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በምስማር ጫረው። ተቆርጦ ሲበየድ ጭረቱ ቀጥ ብሎ ካልገጠመ መኪናዋ ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች። ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ስጨቀጭቀው ቀና ብሎም አላየኝም። «ቁስለኛ ነው የምትጭነው፣ ድንች አይደለም» አለኝ። ቆረጠ፣ በየደ፣ ጭረቱ ገጠመ።

እምቢ ያለው የማርሽ መቀየሪያው ነበር። በአዲሱ ካምቢዮ ላይ መግቢያው በተቃራኒው ጎን ስለሆነ ብረት አጥፈን አገናኘነው። ወደ ፊት የሚወስዱት ማርሾች ሁሉ ገቡ። የኋላው ሲሞከር ግን ብረቱ ከሻንሲው ጋር ይጋጫል። ሻንሲው ቢቆረጥ ደግሞ ጭነት አይችልም። አዛዣችን መጥቶ ወደ ፊት ትሄድ እንደሆነ ብቻ ጠየቀን። ትሄዳለች አልነው። «እንግዲያው ሂዱ» አለ።

ኮረብታዋ ሥር ስትደርሱ መንገዱ ያልቃል። ያለችው ከገደል አፋፍ ላይ የተቆረጠች ጠባብ ቦታ ናት። እዚያ ላይ መኪና ለማዞር ደጋግሞ ፊትና ኋላ ማለት ያስፈልጋል። ፊቱን ሞተሩ ይሠራዋል። ኋላውን የሠራው አሊ ነው።

አሊ የጨፋ ገበሬ ነው፤ ኮረብታዋ ላይ ከመሸገው ጋንታ። ጉዳዩን ስነግረው ሳቀብኝ። ከዚያ ወደ ምሽጉ ዞሮ ልክ እንደ አገሩ ጅጌ ጠራ። ጅጌ በእኛ አገር ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን እርሻ የሚሠራበት ነው፤ አንዱ ዜማ ያወጣል፣ ሌላው እየተቀበለ ይሠራል፣ የተጠራ ሰው ለምን አይልም። «ኮታ! ኮታ!» አለ አሊ። ኑ ማለቱ ነው፤ ኦሮምኛ የማያውቀውም ገብቶት ወረደ። መግፋት ከመጀመራቸው በፊት ዱዓ አደረገ። «ያ ረቢ፣ በሰላም መልሰን» ሲል የእስላሙም የክርስቲያኑም አሚን አንድ ላይ ወጣ። ከዚያ በጅጌው ዜማ መኪናዋን ወደ ኋላ ገፏት። ሰይድ አፋፉ ላይ ታኮ ድንጋይ ይዞ ይቆማል፤ ጎማው ወደ ገደሉ ሲቀርብ ከሥሩ ይወትፍበታል። እኔ ፍሬን ረግጬ ላብ ያጠምቀኛል።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ቀኑ በርዶ ብርሃኑ ሲደክም እንወጣለን፣ ውሃ እናራግፋለን፣ መኪናዋን አዙረን እንወርዳለን። ማፈግፈግ የማታውቅ መኪና እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ሰይድ በዚህ ቀልድ አይስቅም፤ ፋታ ሲገኝ ብረቱን በሌላ በኩል አዞረዋለሁ ይላል። ፋታው አልተገኘም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው ያችን ሰዓት ነበር። መኪናዋ ከዞረች በኋላ ትንሽ እንቀመጣለን። አሊ ከደረቅ ስንቁ፣ ከኮቾሮው ቆርሶ ይሰጠኝና ስለ ማሽላው ያወራኛል። እሸቱ ደርሷል፣ ወፍ ይበዛበታል፣ እሱ ደግሞ እዚህ ነው። «ማማው ላይ ማን ወጥቶ ይጠብቅልኝ ይሆን?» ይለኛል። እኔም የከሚሴ ልጅ ነኝ፣ ከዚያ ስለ ቦርከና ወንዝ እናወራለን፣ ልባችን እዚያ ሄዶ ይቆያል።

አንድ ቀን ትዕዛዙ በዙህር ሰዓት፣ እኩለ ቀን ላይ መጣ። ኮረብታዋ ከሱብሂ፣ ከንጋት ጀምሮ ስትደበደብ ውላለች። እስኪበርድ የማይቆዩ ሰባት ቁስለኞች አሉ ተባልን። በቀን ብርሃን ወጣን።

ቁስለኞቹን ጫንን። ለመግፋት የወረደው ሰው ጥቂት ነበር፤ ከአሊ ጋር የጋንታው ልጆች ጌታቸውና መኮንን አሉበት። ሰይድ ታኮውን ጥሎ ከገፊዎቹ ጋር ተሰለፈ። «ገደሉን አንተ ጠብቅ» አለኝ። አሚን ብለው አንድ ጊዜ ገፉ። ሞርታር ከበታቻችን ወደቀ። ወደ ፊት ነዳሁ። ደግመው ገፉ። ሌላው ከበላያችን ወደቀ። አቧራው አለፈ። ከመኪናዋ ላይ እጁን ያነሳ የለም። የአሊ ድምፅ አልተቋረጠም። እንደገና ገፉ። መኪናዋ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዞረች። ሰይድን ተሳፈር አልኩት፤ ቦታ የለም ብሎ በእጁ አሳየኝ። አሊ በሩን መታ አደረገ። «ሂድ በሽር። ቀስ ብለህ ንዳ።»

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ዘንጉ አልተንቀጠቀጠም። ሰባቱም በሕይወት ሕክምና ድንኳኑ ደረሱ። ውሃ ጭኜ ወዲያው ተመለስኩ።

ስደርስ የሚጣራ አልነበረም። እኔ እንደሄድኩ፣ ወደ ምሽጉ ሲመለሱ ነው ሞርታር ያገኛቸው። አራቱ በሸራ ተሸፍነው ጎን ለጎን ተኝተዋል። አሊ። ሰይድ። ጌታቸው። መኮንን። የቀረው ጋንታ ምሽጉን መልቀቅ አይችልም፤ መኪናዋን የሚያዞርልኝ ሰው አልነበረም። አዛዣችን በሬዲዮ ለእሷ ሌላ ሰው አይሙት፣ ተዋት አለኝ፤ ለአራቱም ተሸካሚ ሰዎች ከታች በእግር ላከልኝ። ውሃውን አራገፍን፣ አራቱን በትከሻችን ተሸክመን ወረድን፣ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ እንደየሃይማኖታቸው ቀበርናቸው። መኪናዋ ፊቷን ወደ ኮረብታዋ እንዳዞረች እዚያው ቀረች።

ሰው ሲጠይቀኝ አራት ሞቱ፣ ሰባት ዳኑ እላለሁ። ደህና ነው የሚሉኝ አሉ። ጦርነቱ አይናፍቀኝም፣ አላህ ለማንም አያሳየው። የሚናፍቁኝ ሰዎቹ ናቸው። አንዳንድ ቀን ከሚሴ አስፋልት ዳር ቁጭ ብዬ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እያየሁ ናፍቆታቸው አላስነሳ ይለኛል።

ከሰባቱ አንዱ፣ ከድር የሚባል፣ አሁን እዚሁ ከሚሴ ይኖራል፤ ባጃጅ አለው። በቅርቡ ቤቴ መጣና ለረጅም ጊዜ ሊጠይቀኝ ሲፈራ የኖረውን ጠየቀኝ። ያን ዕለት ጭነቱ ላይ በጀርባው ተኝቶ ነበር። ያየው የሸራውን ጣሪያ ብቻ ነው፤ ሰዎቹን አሚን ሲሉ ሰምቷቸዋል እንጂ አላያቸውም። ምን ዓይነት ሰዎች ነበሩ አለኝ።

መኪና ወደ ኋላ ሲገፋ ገፊው የሚቆመው ከፊት ነው አልኩት። በመስታወቱ በኩል ፊት ለፊት ነበርን፤ እኔ ብቻ ነኝ ያየኋቸው። አሊ እያወጣ ሲገፋ ጥርሱ በሙሉ ይታያል። ሰይድ ግንባሩን ቋጥሮ ወደ ታች፣ ወደዚያ የበየደው ዘንግ በኩል ያያል። ጌታቸው ዓይኑን ጨፍኗል። መኮንን ገና ጺም አላወጣም፤ ሞርታሩ ሲወድቅ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ደህና መሆኔን ሲያውቅ እንደገና ጎንበስ አለ።

ከድር አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ «ጋሼ በሽር፣ ደግመው ይንገሩኝ» አለኝ። ደግሜ ነገርኩት።