የባሌ ጆሮና የእኔ ድምፅ

ባሌ ስፒከር ይሠራል። ይሠራል ስል ይጠግናል ማለቴ አይደለም፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ እየመሰለው የተቃጠለ ሬዲዮ ተሸክሞ ይመጣብናል። እሱ ግን ከባዶ ጣውላ ተነስቶ፣ አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ አረፍ ብሎ ሙዚቃ እንዲሰማበት ብቻ የታሰበ፣ ቁመቱ ደረቴ ድረስ የሚመጣ ጥንድ ሳጥን ነው የሚሠራው። በዓመት ቢበዛ አራት ጥንድ። የሰፈሩ ሰው «ጆሮ ጠቢው» ይለዋል፣ እሱም ስቆ ያልፋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፒከሮቹን የፊት ጨርቅ የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ እጄ አለበት። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል፤ እንግዲህ ስለ እሱ እኔ ካልተናገርኩ ማን ሊናገር ነው?

ድሮ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ አናጢ ነበር። ቁም ሣጥን ሲሠራ በሩን ከመግጠሙ በፊት ጭንቅላቱን ከውስጥ ከትቶ ያንጎራጉር ነበር አሉ፤ ድምፁ እንዴት እንደሚመለስ ለመስማት። አለቃው ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀው። በሦስተኛው ራሱ ለቅቆ ወጣ። ሲለቅ እኔ የመጀመሪያ ልጃችንን እርጉዝ ነበርኩ። ምን እንዳልኩት አሁን መድገም አልፈልግም።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሳጥኑ አለ። ጣውላውን በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን ይለጥፍበታል፣ የሚያስተጋባ ቦታ ካገኘ ከውስጥ ድጋፍ ያስገባለታል፣ እንደገና ያንኳኳል። «ሳጥኑ እንዲዘፍን አልፈልግም፣ ዘፋኙ ይበቃል» ይላል። ከዚያ ሁለት ስፒከር ይገጥምበታል፤ ትልቁ ለወፍራሙ ድምፅ፣ ትንሿ ለቀጭኑ። ድምፁን ለሁለቱ የምታካፍል፣ የሽቦ ጥቅልና ጥቃቅን ዕቃ የተደረደረባት ሰሌዳ አለች። የእሱ ዕድሜ ያለቀው እዚያች ሰሌዳ ላይ ነው። ማይክሮፎን አቁሞ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሄደውን መስመር እያየ ለሳምንታት ይለካል። መስመሩ ደልደል ሲልለት ኮምፒውተሩን ይዘጋና የመጨረሻውን ነገር በጆሮው ያደርገዋል። ከትንሿ ስፒከር ፊት ያለችውን፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ሬዚስተር ነቅሎ ሌላ ይበይዳል። ጠንከር ያለች ካስገባ ቀጭኑ ድምፅ ይለዝባል፣ ላላ ያለች ካስገባ ይደምቃል። ልዩነቱ የቁንጥር ጨው ያህል ነው፤ እሱ ግን ለዚያች ቁንጥር ሳምንት ይቀመጥላታል። ከዚያ በኋላ ለካው ብትለው አይሰማም። «ቀምሼ ያወጣሁትን ምግብ ደግሞ በሚዛን ላስቀምጠው?»

የሚቀመጥበት ወንበር የራስ መደገፊያው በመጋዝ ተቆርጧል። ድምፁ ከመደገፊያው እየነጠረ ጆሮው ውስጥ እንዳይገባበት ነው። ደህናውን ወንበር። እዚያ ላይ ከእሱ በቀር ማንም አይቀመጥም።

የሚሠራው ሁሉ የሚፈተነው ደግሞ በእኔ ነበር። «ዘፋኟን አላውቃትም፣ ስቱዲዮ ውስጥም ምን እንዳደረጓት አላውቅም። አንቺን ግን አውቅሻለሁ» አለኝና፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አንድ ጠዋት ባዶ የኳስ ሜዳ መሃል አቆመኝ። ግድግዳ የለም፣ የሚያስተጋባ ነገር የለም። ማይክሮፎኑን አፌ ላይ ደቅኖ የልብስ ስፌት ማሽኔን መመሪያ እንዳነብ አደረገኝ፤ «ስ» እና «ሽ» የሞላበት ጽሑፍ ነው፣ ትንሿን ስፒከር የሚያጋልጣት እሱ ነው ብሎ። «የስፌት መርፌ ሲሰበር ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው…» እያልኩ ስጮህ፣ ሜዳውን እየዞረ የሚሮጥ አንድ ሰውዬ ቆም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ከቅድሙ በባሰ ፍጥነት ሮጠ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥንድ ባለቀ ቁጥር በሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ ስስ መጋረጃ ይሰቅላል። እኔና ስፒከሩ ከመጋረጃው ጀርባ እንቆማለን። አንዴ ሜዳው ላይ የቀዳው ቅጂ በስፒከሩ ይከፈታል፣ አንዴ እኔ በአፌ አነባለሁ። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ «አንቺ ነሽ»፣ «ሳጥኑ ነው» ይላል። መለየት ሲያቅተው ሥራው አለቀ ማለት ነው። መለየት ባቃተው ቀን ደስታው አይጣል ነበር፤ ለሁለት ቀን ያልጠየቅሁትን ሁሉ ይሠራልኛል።

የዛሬ ስድስት ዓመት ግን መጋረጃውን አጣጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው። «ቅጂው ይበቃል፣ አንቺን ማድከም ለምን?» አለ። ደክሞኛል ብዬው አላውቅም። ሰለቸሁት ማለት ነው ብዬ ቅር አለኝ፣ ዋጥ አድርጌው ተቀመጥኩ።

አሁን ወደ ጥርስ ሐኪሙ ልምጣ። ባለፈው ዓመት አንድ ጥንድ የወሰደ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጋሼ ሳይል ባሌን አያናግረውም። አንድ ቀን ደወለና «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል፤ ግማሽ ሰዓት ከሰማሁ በኋላ ማጥፋት ያምረኛል» አለው። ተያይዘን ቤቱ ሄድን። ባሌ ገና ከበሩ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ወለሉ ሴራሚክ፣ አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መስታወት። «ይኸው! ድምፁ መታጠቢያ ቤት እንዳለ ሁሉ ይንጫጫል እንጂ ምን ያድርግ?» አለ። ምንጣፍ አስነጠፈ፣ መጋረጃ አስጎተተ፣ ስፒከሮቹን ከግድግዳው አራቀ፣ በሜትር ለክቶ ከመቀመጫው ጋር እኩል ሦስት ማዕዘን አደረጋቸው። ሐኪሙ «አሁንስ ተሻለ» አለ። ሲል ግን ጆሮውን በመዳፉ ሲያሽ አየሁት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስፒከሮቹን መኪና ላይ ጭኖ ራሱ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ የጥርስ መሰርሰሪያ ስሰማ ነው የምውለው። ቤቴ ገብቼ እነዚህን ስከፍት መሰርሰሪያው ተከትሎኝ የመጣ ይመስለኛል» አለው። ስፒከር ሲመልስብን በዓመት ውስጥ ሦስተኛው ሰው መሆኑ ነው። ባሌ ፊቱ ጠቆረ። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ሳጥኖቹን እየዳሰሰ፣ «ይሄን ካላስተካከልኩ ጋራዡን እዘጋለሁ። እጄ ሞቷል ማለት ነው» አለኝ። ይህን ሲል ድምፁ ረጋ ያለ ነበር፤ የሚያስፈራኝም ሲረጋ ነው።

እጁ አልሞተም። እኔ አውቅ ነበር። እጁ ሳይሆን ጆሮው እንደሆነ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ አውቅ ነበር። ድሮ የስፌት ማሽኔ ቀበቶ ሲጥጥ ሲል ከጋራዡ ዘይት ይዞ እየሮጠ ይመጣ ነበር፤ «ኧረ ይቺን ነገር ዝም አሰኛት» እያለ። አሁን ቀበቶው ሲያለቅስ ቢውል አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ የተረገመ የእንጨት መቁረጫ ሲጮህበት ጆሮህን ሸፍን ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። አዲሶቹን ስፒከሮች ሲከፍት ደግሞ የገዛ ድምፄ ይዘገንነኛል፤ እያንዳንዷ «ስ» በጋለ ካውያ ላይ ውሃ ጠብ ሲል እንደሚጮኸው ትሆናለች። «እንዴት ነው?» ይለኛል። «ጥሩ ነው» እለዋለሁ። ምን ልበለው? አናጢን እጅህ የለም፣ እሱን ደግሞ ጆሮህ የለም ማለት አንድ ነው። ፈራሁ፣ እውነቱ ይኸው ነው።

ጋራዡን እዘጋለሁ ሲል ግን አንጀቴን በላኝ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሄድኩና «ያንን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣውን ድምፅ ክፈትልኝ» አልኩት፤ ስፒከር ሲሞክር የሚጠቀምበት ፉጨት የመሰለ ነገር ነው። «እጃችንን እናነሳለን። መስማት ያቆመ እጁን ያወርዳል።»

«ምን አስበሽ ነው?» አለና ሳቀ። ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላው ቆምኩ፣ ሁለታችንም እጃችንን አነሳን። ድምፁ ከወፍራሙ ተነስቶ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄደ። የድምፁን ቅጥነት የሚያሳየው የኮምፒውተሩ ቁጥር ስድስት ሺህን አልፎ ጥቂት እንደሄደ የእሱ እጅ ወረደ። «አበቃ» አለና ዘወር አለ።

የእኔ እጅ እንደተሰቀለ ነው። ለአፍታ ላውርደው ብዬ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስዋሽ የቆየሁ ሴት ያቺን ያህል ብጨምር ምን ነበረበት? አላወረድኩትም።

«አሁንም አለ?» አለኝ።

«አለ።»

ወደ ቁጥሩ ዞረ። ስምንት ሺህ፣ ዘጠኝ ሺህ፣ አሥር ሺህ። ክንዴ ዛለ። እሱ አንዴ ቁጥሩን፣ አንዴ እጄን ያያል። አሥራ አንድ ሺህ ሊሞላ ሲል አወረድኩ። ኮምፒውተሩን ዘጋ፣ ተነስቶ ወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ያን ቀንም በማግስቱም ወደ ጋራዡ ዝር አላለም። እኔም አፌን በቆረጠው እያልኩ ስፌቴ ላይ አቀርቅሬ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ጠራኝ። የሐኪሙን ስፒከር በማይክሮፎን ለክቶት ነበር። መስመሩ እስከ መሃል ደልዳላ ይሄድና መጨረሻው ላይ፣ ቀጭኑ ድምፅ ጋ ሲደርስ፣ እንደ ቤት ጣሪያ ወደ ላይ ይወጣል።

«ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት?»

«አንተ ነህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

ብዙ አልጠየቀም። ሬዚስተሩን ነቅሎ ጠንከር ያለ በየደ፣ ለካ፣ እንደገና ለወጠ፣ መስመሩ እስኪተኛለት ድረስ። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ መጋረጃውን አወጣ። ሲያወጣው የቆየ ብስጭቴ ሁሉ ተነሳብኝ። «ቆይ፣ ከመጀመሪያውስ ለምን ነበር ያቆምከው?» አልኩት።

መጋረጃውን እጁ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። «ድምፅሽ የደበዘዘ መሰለኝ» አለ።

«ምን?»

«ያረጀ መሰለኝ። ስፒከሩን የማስታውሰውን ድምፅሽን እስኪመስልልኝ አደምቀዋለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ አንቺ ራስሽ ስታነቢ ግን ደብዛዛ ትሆኚብኛለሽ፣ «ስ» የምትይው ይጠፋብኛል። ወዲያው እለይሻለሁ። ዕድሜ ነው አልኩ። ምን ብዬ ልንገርሽ? እንዳታዝኚ ብዬ አጣጠፍኩት። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሁሉ የዱሮ ድምፅሽን እየፈለግኩ ነው የሠራሁት።»

ስድስት ዓመት ሙሉ በልቡ አሮጊት አድርጎኝ ሲያዝንልኝ ኖሯል ማለት ነው። ደሜም ፈላ፣ እንባዬም መጣ፤ የቱን እንደማስቀድም አላወቅኩም። «አንተ ሰውዬ፣ በሕይወቴ እንዳንተ ያለ ደደብ አላየሁም» አልኩትና የመጋረጃውን አንድ ጫፍ ይዤ አብሬው ሰቀልኩ።

ሐኪሙ ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ መጣ። ባሌ ያንን የተቆረጠውን ወንበር ሲያሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሐኪሙም «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አለ። «አይ፣ ዛሬ የምትፈርደው አንተ ነህ» አለው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ቅጂው አነበበ፣ እኔ አነበብኩ፣ እንደገና ቅጂው። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፣ በሦስተኛው «ኧረ እኔ እንጃ» ብሎ ሳቀ። ባሌ አልሳቀም።

«ዶክተር» ሲል ሰማሁት፣ «ቅድም መጀመሪያ ያነበበው ሳጥኑ ነው። ቀጥላ ያነበበችው ራሷ ናት። የእሷ ድምፅ እንዴት ነው?»

«እንዴት ማለት?»

«ማለቴ ደብዝዟል? «ስ» ስትል ጥርት ብሎ ይሰማል?»

«ቁልጭ ብሎ ነዋ። በጣም የጠራ ድምፅ ነው ያላቸው። ምነው፣ ለእርስዎ አይሰማዎትም እንዴ?»

«አይ፣ እኔ አስታውሰዋለሁ» አለው ባሌ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ድምፁን ከፍ አድርጎ «እስቲ አንዴ ድገሚለት» አለኝ። ልደግም አፌን ከፈትኩ፤ እያንዳንዷን «ስ» ረገጥ አድርጌ «የስፌት መርፌ ሲሰበር…» አልኩ።