ደጅ የወጣ አልጋ

ባሌ መሪ እንደጨበጠ ሲያንቀላፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ሾፌር ነው፤ ሰሊጥ ጭኖ ከኮኪት ጎንደር ይመላለሳል። ያን ዕለት እናቴን ጠይቄ ስመለስ ጋቢና አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ጭልጋን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑ ተከድኗል። ጮኼ መሪውን ያዝኩት። መኪናውን ዳር ካቆመ በኋላ ያለኝ፣ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ነው። እኔ ምን ሆንኩ።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ። እሱ ሌሊቱን እርሻ ላይ ሲያስጭን ያድርና ጠዋት ቤት ይገባል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ለጎንደር ይነሳል። የሚተኛው በመሀል ነው፤ መተኛት ከተባለ። ጊዜው መጋቢት ነው፣ ቤታችን ቆርቆሮ ነው። እሱ ደግሞ ከሰርጋችን ስፖንጅ ፍራሽ አልወርድም ብሎ፣ በሩን ዘግቶ፣ በላብ ተጠምቆ ይገላበጣል። ሸለብ ሲያደርገው እንኳ ቀኝ እግሩ አያርፍም፤ የአልጋውን ጫፍ እየደጋገመ ይረግጣል። ፍሬን መያዙ ነው።

እዚህ ቆላ ሙቀቱ ሲመጣ ሰው ሁሉ አልጋውን ግቢ ያወጣል። አከራያችን፣ እዚሁ ተወልደው ያረጁ ሴት፣ ከግቢው የኒም ዛፍ ስር የጠፍር አልጋ አላቸው፤ ከስርም ከላይም ነፋስ ያገኘዋል። «ልጄ፣ ይህን ሰውዬ አውጪው። ፍራሽ ላይ እየቀቀልሽው እኮ ነው» አሉኝ።

ነገርኩት። ደገኛ አይደል፣ ተቆጣ።

«እኛ አገር ደጅ የሚተኛ ወንድ ሚስቱ ያባረረችው ነው። ሰው ምን ይለኛል?»

«ስትሞትስ ምን እንዲልህ ነው የምትፈልገው?»

ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

በነጋታው ጠዋት ዓይኑ በርበሬ መስሎ መጣና ሻይ አፍይልኝ አለ። የሚጠጣው ሻይ ማንኪያ የሚያቆም ነው፤ እንቅልፉን ከሚያባርሩለት አንዱ እሱ ነው። «ሻይ የለም» አልኩት። የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው አንስቼ ቀሚሴ ደረት ውስጥ ከተትኩት። አከራያችን መሬቱ ላይ ውሃ እየረጩ ጠበቁኝ፤ አጎበሩን ከጠፍር አልጋቸው በላይ ቅርንጫፉ ላይ አሰርኩት። እሱ በሩ ላይ እንደተገተረ ነው። ጎረቤቶቹ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«አዎ፣ አባርሬዋለሁ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሲተኛልኝ እመልሰዋለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ፊቱ ቀልቶ፣ ከኔ ጋር መጨቃጨቁ የባሰ መስሎት ይሆናል፣ አጎበሩ ውስጥ ገብቶ ጀርባውን ሰጠኝ። ስልኩን ተቀብዬው እግርጌው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እንቅልፍ ወሰደው። እግሩ ግን መርገጡን አልተወም።

ስልኩ ጮኸ። የመኪናው ባለቤት ናቸው።

«ስድስት ሰዓት ሆኗል እኮ፣ የት አለ?»

«ተኝቷል።»

«ቀስቅሺዋ!»

«አልቀሰቅሰውም።»

«እንግዲያው ሌላ ሾፌር አስገባለሁ። ይህን ንገሪው።»

በዚያች መኪና ነው የምንበላው፤ ሌላ መተዳደሪያ የለንም። ልቀስቅሰው ብዬ ብድግ አልኩ። አጎበሩን ገለጥ ሳደርግ እግሩ አርፏል። አይረግጥም። ዝም ብሎ፣ እንደ ማንኛውም ሰው እግር፣ ተዘርግቷል። እንባዬ መጣ።

«ያስገቡ» አልኩና ዘጋሁት።

ብዙ ሳይቆይ አንድ ሰውዬ ለቁልፉ ተልኮ መጣ። ከደረቴ አውጥቼ በአጥሩ ላይ አቀበልኩት። መኪናው ሲነሳ ድምፁ ግቢው ድረስ ተሰማ። ባሌ አልሰማም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነቃ። መኪናው የሚቆምበትን ቦታ አየ፤ ባዶ ነው። የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጠፍሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያይ ቆየ።

«ያን ዕለት ቁልቁለቱ ላይ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ ባትኖሪ አልነቃም ነበር።»

ይህን ሲል ሰምቼው አላውቅም።

«አንሶላውን አስተካክይልኝ» አለና ተመልሶ ጋደም አለ። «ገና አልጠገብኩም።»